የሠላሳ ዘጠኝ ቀን ወንዝ

ሰኔ ነው፤ ቫልዲቪያ ላይ ዝናቡ አላባራም፤
የሆስፒታሉ ቆርቆሮ ከሌሊት ጀምሮ ሲያወራ አልተኛም።
አንተን አምጥተው ከመብራቱ ሥር አስተኙህ፣ ሊካን፣
የሠላሳ ዘጠኝ ቀን ሰው፣ ሦስት ኪሎ ተኩል፣
የጨጓራህ በር እንደ ወይራ ፍሬ ጠጥሮ
የጠባኸውን ሁሉ በእናትህ ደረት ላይ የመለስክ፣
የተራብክ ንጉሥ፣ በአንድ ክንዴ ልክ።

ግንባርህ ላይ ቀዝቃዛውን ሽቦ ለጠፍኩ፤
ከፍ ብሎ እርግብግቢትህ ይነሳል፣ ይወርዳል፤
ያልተዘጋ በር ነው፣ ጣት ይፈራዋል።
መድኃኒቱን በደም ሥርህ ለቀቅኩት።
ጣቴን ጨብጠህ ነበር። እጅህ ቀስ ብሎ ላላ፣ ለቀቀ፤
ሄድክ።
ወዴት እንደሄድክ፣ ስንት ክንድ እንደጠለቅክ ማን አወቀ?

ሞኒተሩ አርባ ስምንት ይላል።
ለትልቅ ሰው ቢሆን ይህ ቁጥር ደህና እንቅልፍ ነው፣
ቢላ የማይሰማበት፣ ሕልም የማይደርስበት፣
ወንበሬን ስቤ ትከሻዬን የማሳርፍበት።
ማሽኑ ግን ቁጥር የተማረው ከጎልማሶች ራስ ነው፣
ግብር ከከፈሉ፣ ካፈቀሩ፣ ከዋሹ፤
እነርሱ ሲያንቀላፉ አንጎላቸው የሚያንጎራጉረው ዜማ አለ፣
ያንተ ገና አልበቀለም፤ ሁለት ወር ያህል ይቀረዋል።
እና አርባ ስምንት ባንተ ግንባር ላይ
በአባት ልክ የተሰፋ ካፖርት ነው፤ እጅጌው መሬት ይጠርጋል።

ጠዋት ኮሪደሩ ላይ አባትህ ጠበቀኝ፣
ኤሊሴኦ ዌኑፓን፣ ካዬ-ካዬ ወንዝ ላይ በጀልባ ሰው የሚያሻግር፣
ቦቲው ጭቃ፣ ባርኔጣው በእጁ።
«ማሽኑ ይነግርዎታል አይደል፣ የት ድረስ እንደጠለቀ ልጁ?»
ልዋሽ ከንፈሬን ከፈትኩ። ተውኩት።
«በግምት ነው» አልኩት፣
«ካርታው የተሠራው ለሌላ ወንዝ ነው።»
ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ባርኔጣውን አዞረው፤
«ከትልቁ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ» አለ፣ «ምድሩ ሰጠመ፣
ወንዙ የሰው ማሳ ውስጥ ገብቶ ከረመ፤
በድሮው ካርታ የሄደ ጀልባ ሁሉ አጥር ላይ ይሰቀል ነበር።
አያቴ ካርታውን ለምድጃ ሰጠው።
ገመድ ጫፍ ላይ እርሳስ አስሮ፣ እርሳሱን ሞራ ቀብቶ
ይጥላል፣ ይስባል፣ የተጣበቀውን ጭቃ ያሸታል፤
ቁጥር አይጠይቅም፤ ወንዙን ይጠይቃል።»

አሁን፣ ሊካን፣ ቁጥሩን በፕላስተር ሸፈንኩት፤
ከሥሩ ጥሬውን መስመር ከፈትኩት፦
ሰፊ፣ ዘገምተኛ ማዕበል፤ መሐል መሐል ላይ ጸጥታ።
ጸጥታው ሲረዝም ጋዙን እቀንሳለሁ፣
ና፣ በጣም ወረድክ፣ ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ እኛ።
ቢላው ቆዳህን ሲነካ ልብህ ሮጠ፣
የግራ እጅህ ማርያም ጣት ታጠፈች፤
እሷ ናት እርሳሴ። ጋዙን ጨመርኩ።
ፕላስተሩን ገልጬ ባየው አርባ ስምንት፣
እንደ ጽሕፈት ቤት መልስ፣ ያው አርባ ስምንት።

ኦቲሊያ፣ ዘንድሮ ጡረታ የምትወጣው ነርስ፣
«ጀማሪ ሳለሁ» አለች፣ «ጨቅላ አያመውም ይሉን ነበር።
እንዳይንቀሳቀስ ብቻ ነበር የምናደርገው።»
ጓንቷን አየች። ሌላ አልጨመረችም።

አንተም አትናገርም። ነገሩ ይኸው ነው፤
ነገ «ሰምቼ ነበር» ብለህ አትከሰኝም፤
ዳኛ የሌለበት ችሎት፣ ከሳሹ አፍ ያልፈታ፣
ተከሳሿ ብቻዋን ቆማ ራሷን የምትረታ።

ሠላሳ አንድ ደቂቃ። አስነጥሰህ ተመለስክ።
ካርድህ ላይ በቀለም «አርባ ስምንት» ጻፍኩ፤
ከጎኑ በእርሳስ፣ ለራሴ፣ «አላመንኩትም»።

አባትህ እዚያው ኮሪደር ላይ «ጥልቅ ነበር?» አለኝ።
«የሚበቃውን ያህል» አልኩት።
እሱ ግን ቃሌን ትቶ እጄን አየ፣
መዳፌን ገልብጦ አየ፣
ጭቃ የሚፈልግ ይመስል።